በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ስለሚጫኑ ፋይሎች መጠን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለፋይል መጠን ገደብ ወጥ ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ዘመድም ጎረቤትም ስልኩን ይዞ «ይህን ማመልከቻ ሙላልኝ» ይለኛል። ሰው የሚቸገረው ፎርሙ ላይ አይደለም። «ሰነድ ያያይዙ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ለአንድ መሥሪያ ቤት በኦንላይን ልታመለክት ነበር። ረጅሙን ፎርም ሞላች። ዲፕሎማዋን፣ ትራንስክሪፕቷንና መታወቂያዋን በስልኳ ፎቶ አንስታ አያያዘች። «ላክ» የሚለውን ስትነካ ገጹ ባዶ ሆኖ ተመለሰና «ሁሉንም ቦታ ይሙሉ» አላት። ስሟም፣ የትውልድ ቀኗም፣ የጻፈችው ሁሉ ጠፍቷል። ፎቶዎቹ እንደከበዱ የሚናገር አንድ ቃል የለም። እሷም ኔትወርኩ ነው ብላ ደጋገመችው፤ የገዛችው ዳታ አለቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደሚመጣ የሙያው ሰዎች እናውቃለን። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማንም ካላስተካከለው፣ አንድ ፋይል ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይገድባል። ባንድ ጊዜ የሚላከው ሁሉ ተደምሮ ደግሞ ከ8 ሜጋባይት ማለፍ የለበትም። ካለፈ የተጻፈውም አብሮ ይቀራል፤ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ባዶ ፎርም ነው። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሰርቨር (ድረ ገጹን ለተጠቃሚው የሚያቀርበው ፕሮግራም) ካልተነገረው በቀር 1 ሜጋባይት ላይ ይቆማል፤ የሚመልሰውም 413 የሚል የስህተት ቁጥር ነው፤ «የላኩት ከመጠን በላይ ነው» ማለት ነው። ዛሬ ግን የተለመደ የስልክ ፎቶ 3 እና 4 ሜጋባይት ይደርሳል። ብዙ ቦታ ገደቡ ተመክሮበት የተወሰነ አይደለም። ሰርቨሩ ሲተከል የነበረው ቁጥር እንዳለ ቀርቶ ነው።

ገደብ አይኑር እያልኩ አይደለም። ገደብ ከሌለ አንድ ክፉ ሰው ግዙፍ ፋይል እየላከ ሰርቨሩን ሊያቆመው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድረ ገጹ «ከ200 ኪሎባይት በታች»፣ ማለትም ከአንድ ሜጋባይት አንድ አምስተኛ በታች፣ ሲል ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። መታወቂያውን፣ የልደት ካርዱን፣ የባንክ ወረቀቱን በቴሌግራም እዚያ ለሚሠራው ልጅ ይልክለታል። ልጁ ኮምፕረስ አድርጎ (መጠኑን አሳንሶ) ይመልስለታል፤ ዋናው ፋይል ግን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ሌላው ፒዲኤፍ የሚያሳንስ ነፃ ድረ ገጽ ፈልጎ የግል ሰነዱን የት አገር እንዳለ ለማያውቀው ሰርቨር ይሰጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያለን አገር ነን። ታዲያ ዜጋው ሰነዱን ለማያውቀው ሰው እንዲያስረክብ የሚገፋው የመንግሥት ፎርም መሆን የለበትም። ይህን ሁሉ አልፎ የላከው ሰነድም ከመጠን በላይ ስለተጨመቀ ማኅተሙ ይደበዝዛል፤ «አይነበብም» ተብሎ ይመለሳል።

ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ ያላት ስልክ ብቻ ነው። ወጥታ ስካን የምታስደርግበት ጊዜም የላትም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩ ላይ ያለው ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት መጠኑን ማወቅ ይችላል። ስለዚህ ዳታ ሳይባክን፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ «ይህ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው፤ የሚፈቀደው 2 ነው» ማለት ይቻላል። እንዲያውም ብራውዘሩ ራሱ ፎቶውን እዚያው ስልኩ ላይ አሳንሶ ሊልከው ይችላል፤ ሦስተኛ ሰው ሰነዱን አያየውም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ከቆመበት የሚቀጥል የአጫጫን ዘዴም አለ። የተሞላው ፎርም ደግሞ በምንም ምክንያት መጥፋት የለበትም። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ለሁሉም የመንግሥት ድረ ገጾች የሚያገለግል አንድ ደንብ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ለአንድ ሰነድ ቢያንስ 5 ሜጋባይት ይፈቀድ። ገደቡም ሰው መሙላት ሳይጀምር በፊት፣ ከላይ ይጻፍለት። ድረ ገጽ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሥራውን ከመረከቡ በፊት በርካሽ ስልክና በሞባይል ዳታ ይሞክረው። በቢሮ ዋይፋይና በአዲስ ላፕቶፕ የተሞከረ ሲስተም የተገልጋዩን ችግር አያሳይም። ይህ ሙከራ የውሉ አካል ቢሆን አሠሪውም ሠሪውም ይጠነቀቃል።

ረቂቁ ሲዘጋጅ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ቢደረግ፣ እኔ በበኩሌ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከሠላምታ ጋር