ከትዝታ ሳይሆን ከዋናው ፋይል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንድ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሠርቶ አሳየኝ። ጌሙ እኔ በተማሪነቴ ደሴ ፒያሳ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ካፌ፣ በደቂቃ እየከፈልሁ ስጫወተው የነበረው ሲሆን፣ እርሱም እኔ ከነገርሁት ተነሥቶ እንደ አዲስ የጻፈው ነው። በዚያ ሥራ ላይ የሠራነው ስሕተት እንዲህ ያሉ ጌሞችን ለማደስ ለሚደክሙ ሌሎች ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በብራውዘር ይከፈቱ ከነበሩት ከእነዚያ ጌሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ፍላሽ በተባለው ሶፍትዌር ነው። እኛ ፍላሽ የምንለው ኪስ ውስጥ የሚገባውን ማስቀመጫ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ እለምናለሁ፤ ኔትወርኩ እጅግ ቀርፋፋ ስለነበር ጌሞቹን ከካፌ ካፌ ያዞርናቸውም በዚሁ በኪሱ ፍላሽ ነበር። አዶቤ ኩባንያ ለሶፍትዌሩ የሚሰጠውን ድጋፍ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አቋረጠ፤ ከጥር 4 ቀን ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ ጌሞቹን አልከፍትም አለ። ፋይላቸውን ያስቀመጠላቸው ሰው ያገኙት ግን ተርፈዋል። ፍላሽፖይንት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ከ150 ሺህ በላይ ጌሞችንና አኒሜሽኖችን አሰባስቧል፤ ራፍል የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ዋናውን ፋይል ሳይለውጥ በዛሬው ብራውዘር ያጫውታል። ከፍላሽፖይንት የወረደ ጌም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑ፣ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ለከረመብን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ የሠራት መኪና ከባድና ዝግተኛ ነበረች። እኔም ልክ እንደዚያ እንደነበረች መሰከርሁለት፤ በማስታወሴ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። ቆይቶ ግን የካፌው የቀድሞ ባለቤት፣ ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ ደግ ሰው፣ ከመደርደሪያቸው ሥር አቧራ የጠጣ ሃርድ ዲስክ አውጥተው ሰጡን፤ ዋናው ፋይልም በውስጡ ተገኘ። እንዲህ ያለ ፋይል በመግቢያው ላይ በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ተከታታይ ሥዕል፣ እንደሚሄድ ተጽፎበታል፤ የእኛው 30 ይላል። በራፍል ስንከፍተው መኪናዋ እንደ ቀስት ተወረወረች። በልጅነታችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ስም «ሐረጎ» ብለን የሰየምነው መታጠፊያ ላይ ሦስት ጊዜ ገደል ገባሁ። ያን ጊዜ የካፌው አሮጌ ኮምፒውተሮች በሰከንድ 30 ፍሬም መሣል ስለማይችሉ ጌሙ ይንቀራፈፍ ኖሯል፤ እኔ ግን የማሽኑን ድካም የመኪናዋ ጠባይ አድርጌ ሃያ ዓመት ያህል ይዤው ኖርሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኮዱን ገልጠን ስናነብ፣ ተጫዋቹ ነዳጅ መስጠቱን ሲያቆም የመኪናዋ ፍጥነት በእያንዳንዱ ፍሬም በ0.95 ይባዛል። በ30 ፍሬም ከአንድ ሰከንድ በኋላ ከፍጥነቷ 21 በመቶ ያህል ይቀራታል፤ ያንኑ ቁጥር በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚያድስ የዛሬ ስክሪን እንዳለ ቢገለብጡት ግን ከ5 በመቶ በታች ይሆናል። መንገዱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ የሞተሩ ድምፅ ያው ሆኖ ሳለ መኪናዋ ሌላ ትሆናለች። ስለዚህ ጌም የሚያድሱ ልጆች ሥዕሉን ከማሳመራቸው በፊት ይህን ሒሳብ እንዲያስተካክሉ አጥብቄ እመክራለሁ። የጌሙ ነፍስ ያለችው መሪውና ፍሬኑ ላይ ነው።

የባለመብቱም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ያስቀምጣል። የእህቴ ልጅ ለዋናው ሠሪ ጽፎ ፈቃድ ጠይቋል፤ መልሱ እስኪመጣ ሥራውን ለማንም አላሰራጨም፤ ትክክል አድርጓል።

ሁለተኛው ጌማችን፣ የሞተር ሳይክሉ፣ ዲስኩ ውስጥ አልነበረም። እርሱን ደግሞ ከእኔ ትዝታ ብቻ ተነሥቶ እንዲሠራው አልፈቅድለትም፤ ትዝታዬ ምን ያህል እንደሚታመን አይተናልና። በፒያሳ፣ በቧንቧ ውሃ ወይም በኮምቦልቻ ኢንተርኔት ካፌ የነበራችሁ ሰዎች አሮጌውን ዲስክ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ ወይም ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የጌም ፎልደሩን እንድትመለከቱልን፣ ፋይሉ ካለም በዝግጅት ክፍሉ በኩል እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ። የዝግጅት ክፍሉም ይህን ጥሪ እንዲያወጣልኝ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ