ታንኬን ያስረጀው የደጃፌ አፈር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጡረተኞች ውሎ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ቼዝና ቡና ብቻ ነው ያለው። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ታንክ እሠራለሁ!

በልጅነቴ የፕላስቲክ ሞዴል እገጣጥም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄ ከውጭ የቲ-55፣ የሶቪየት ሠራሹን ታንክ፣ ሞዴል አመጣልኝ። መጠኑ 1 ለ 35 ነው፣ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ፤ ርዝመቱ ያለ መድፉ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በደርግ ጊዜ እውነተኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

መገጣጠሙ ቀላል ነው። ጣጣው ማስረጀቱ፣ ያገለገለ ማስመሰሉ ላይ ነው፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ታንክ መጫወቻ ይመስላል። ቡናማ የዘይት ቀለም በጋራዥ ቲነር አቅጥኜ በየስንጥቁ ለቀቅኩበት። ጉድ ፈላ! የታንኩን አረንጓዴ ቀለም እንደ ቅቤ አቀለጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፈርኩ።

እንደገና ቀባሁት። ቫርኒሽ አለበስኩትና ሁለት ቀን አቆየሁት፤ በእኛ ብርድ አንድ ቀን አይበቃም። ከዚያ ቡናማውን የዘይት ቀለም ከቲነር በሚለዝበው ማቅጠኛ፣ በአኳራጅ፣ አቅጥኜ ለቀቅኩበት። አረንጓዴው ንክች አላለም።

የሰንሰለቱን ጥርስ በእርሳስ አሸሁት፣ እንደ ብረት አብለጨለጨ። ጥላሸቱን በግራ በኩል ብቻ አደረግኩ፤ የቲ-55 ጭስ ማውጫ በግራ ነው። አቧራው የደጃፌ አፈር ነው። ፈጭቼ በአሮጌ ስቶኪንግ ነፋሁት፤ ካልተነፋ እያንዳንዷ ቅንጣት ቋጥኝ ትመስላለች። ባለቤቴ «እኔ ጠርጌ የምደፋውን አንተ ትቀባዋለህ» አለችኝ።

በሰሜን ሸዋ ሌላ ሞዴል ሠሪ ካለ በጋዜጣችሁ ይጻፍልኝ። ቡናው በእኔ ነው።

የጋራዥ ጡረተኛው፣ ከደብረ ብርሃን