አንድ ፓራውልት ለምን ሦስት ቀን ይፈጅብናል?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ስለ ፓራውልት፣ ማለትም ከመኪናው ፊትና ኋላ ስላለው የግጭት መከላከያ፣ ሰሞኑን በስልክም በአካልም አንድ ጥያቄ በዝቶብናል። «አንድ ፓራውልት ለማቃናት ሦስት ቀን? ማዶ ያለው ጋራዥ እኮ ጠዋት ተቀብሎ ከሰዓት ያስረክባል!» ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያስረክባል። እኛም አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርገን ጉድ ሆነናል። እሱን ኋላ እናወራዋለን።

የምናወራው ስለ ብረት ፓራውልት ነው። የአዲሶቹ መኪኖች ፕላስቲክ ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው አዲስ አበባን ሲያመላልሱ የኖሩት አሮጌ ቶዮታ ሚኒባሶች ግን የብዙዎቹ ፓራውልት ላሜራ ነው። የፊቱ በግጭት ይጣመማል። የኋላው ግጭት ባያገኘውም አይተርፍም፤ ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ የሚጭን ሁሉ የሚረግጠው እሱን ነው።

መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውን ነው። ፓራውልቱን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ስታፋ ከተጣመመ፣ ላዩን የቱንም ያህል ብናሳምረው ሲታሰር አንዱ ጎን ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አውልቀን ነው የምንሠራው። ማውለቁ ራሱ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ሠላሳ ዓመት ጭቃና ዝናብ የጠጣ ብሎን በቁልፍ ብቻ እሺ አይልም። ዘይት ጠጥቶ ያድራል፤ ጠዋትም እንቢ ካለ ይቆረጣል።

ቀጥሎ ማቃናቱ ነው። «በእሳት አግሉትና በመዶሻ በሉት» የሚሉን አሉ። እሳት ብረቱን ማለስለሱ እውነት ነው። ግን ስስ ላሜራ ግሎ ሲቀጠቀጥ ይለጠጣል። የተለጠጠው ቦታ ወዲያ ቢመቱት ወዲህ ያብጣል፣ ልኩን አያገኝም። እኛ በተቻለ መጠን በቀዝቃዛው፣ በክሪክ (በመኪና ማንሻ) ቀስ እያልን እንገፋለን። ብረት ተገፍቶ ሲለቀቅ ትንሽ ስለሚመለስ ከልኩ አሳልፈን ነው የምንገፋው። በግጭቱ ጊዜ መጀመሪያ የገባው ቦታ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ከመሃል የጀመረ ሰው ዳር ዳሩን ሌላ ቅርጽ ሰጥቶት ቁጭ ይላል። እጥፋቱ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ከሌላው ይጠነክራል። እዚያች መስመር ላይ ብቻ፣ የግድ ሲሆን፣ ትንሽ ሙቀት እንሰጣለን። አንዱ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ታጥፎ የተቃና ከሆነ ግን ይሰነጠቃል። ያኔ ሳንደብቅ «ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ደህና ያገለገለ ፈልጉ» እንላለን፤ ገበያችንን ቢቀንስም።

አሁን ወደ ጉዳችን። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ አንድ ደንበኛችን «ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ» ብሎ አጣደፈን። ብረቱን በደንብ ሳናወጣ ጉድጓዱን ስቱኮ በሚባለው፣ ሲደርቅ በሚጠነክረው መሙያ ሊጥ ሞላነው፤ ጣት የሚያህል ውፍረት! ቀለም ሲቀባ መስታወት መሰለ፣ እኛም ኮራን። ኅዳር ላይ ሰውዬው የስቱኮውን ቁራጭ በእጁ ይዞ መጣ። ረዳቱ ሲረግጠው ረግፎ ነው። በነፃ ደግመን ሠራንለት። ስቱኮ የመዶሻ ጠባሳ መሸፈኛ ነው፤ ከሁለት ሦስት ሚሊ ካለፈ፣ በተለይ በሚረገጥና በሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ፣ አይቆይም።

ኒኬል የነበረውን (በሚያብረቀርቅ ብረት የተለበጠውን) «በላዩ ቀቡልኝ» ለምትሉን፦ ቀለም ለስላሳ ኒኬል ላይ አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ መሻከር፣ የሚረግፈውም መነሳት አለበት። ዝገቱን ከፊትም ከጀርባም እናነሳለን። ጀርባውን ማንም አያየውም፤ ዝገቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ስለዚህ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሁለቱንም ወገን እንቀባለን። ከላይ ኒትሮ የሚባለውን ቀለም ሳይሆን ማድረቂያ የሚቀላቀልበትን ቀለም ነው የምንጠቀመው። ኒትሮ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ቤንዚን ከነካው ይለቃል። በክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ይሠራል። የእኛውም ቀለም በክረምት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ ሐምሌና ነሐሴ የምትመጡ በሦስቱ ቀን ላይ አንድ ጨምሩ።

ዋጋውን ፓራውልቱን አውልቀን ጀርባውን ሳናይ አንቆርጥም። በስልክ «ስንት ነው?» ስትሉን የምንሸሽ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። የፊት ታርጋ ፓራውልቱ ላይ ስለሚታሰር መኪናው እስኪያልቅ እኛው ግቢ ይቆማል። የቀን ገቢያችሁ እንደሚቀር እናውቃለን። ስለዚህ ቦሎ የምታድሱበት ሳምንት ሳይደርስ ቀድማችሁ ደውሉ። መኪናውን ከወሰዳችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ላቫጆ አታስገቡት፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይለቅለቅ። ረዳቶቻችሁንም እስኪጠነክር እንዳይረግጡት አደራ በሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች