ዱላችን የት ገባ?

ሰላም ቤተሰብ፣

ትናንት ማታ የቡድናችንን የቤዝቦል ጨዋታ እስከ 9ኛው ኢኒንግ (ዙር) ቁጭ ብዬ አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። ወርዋሪዎቻችን የሚችሉትን አድርገዋል፤ እነሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ችግሩ ዱላ የሚይዙት ናቸው።

7ኛው ኢኒንግ ላይ ሦስቱም ቤዞች (ሯጮች የሚቆሙባቸው ማረፊያዎች) በእኛ ልጆች ሞልተው ነበር፤ አውት የሆነ (ከሜዳ የተባረረ) ሰው የለም። የመጀመሪያው መቺ መሬት ልትነካ የደረሰች ኳስ አሳዶ በሦስተኛው ስትራይክ (ሳይመታት ባመለጠችው ኳስ) ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ጭራሽ ዱላውን ከትከሻው ሳያነሳ ኳሷ መሀል ለመሀል አለፈችው። ዜሮ! ሪሞቱን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

መምታት ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ለማሰቢያ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትሰጥም። ዝነኛው መቺ ቴድ ዊልያምስ በ1941 እ.ኤ.አ. ያ ሁሉ የሚወራለት የመምታት አማካዩ 0.406 ነበር፤ ከ10 ሙከራ 4 ያህሉ። ከግማሽ በላይ አልተሳካለትም ማለት ነው።

ግን መጥፎ ኳስ መተው ምን ያቅታል? አራቱን ዝም ብለህ ብታሳልፍ በነፃ ቤዝ ትሄዳለህ። ቤዙ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለው ተገፍቶ ስለሚገባ ነጥብ ነው፤ ያለ ላብ!

እሁድ ጨዋታ አለ። እኔ አለሁ፣ የት እሄዳለሁ። ሪሞቱን ግን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።