የቻርሊ ብራውንን ገና ለምን ረሳችኋት?

ሰላም አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ለገና ሰሞን ከልጆች ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ ብላችሁ የደረደራችኋቸውን ፊልሞች አየሁና ትንሽ ቅር አለኝ፣ ሁሉም አዲስ ሁሉም የሚጮህ ነው፣ እኔ እምለው ያቺ በፈረንጆቹ የ1965ቷ የቻርሊ ብራውን ገና የምትባለው የካርቱን ፊልም የት ገባች? 25 ደቂቃ እኮ ናት በቃ። እኛ ቤት በየዓመቱ እናያታለን፣ ልጆቹ ንግግሩን በቃላቸው ይዘውት ከቲቪው ቀድመው ነው የሚሉት።

ለማያውቃት ልንገር። ቻርሊ ብራውን ቻርልስ ሹልዝ በጋዜጣ ላይ ይስለው የነበረው ምንም ነገር የማይሳካለት ልጅ ነው፣ ገና ደርሶ ሰው ሁሉ ሽር ጉድ ሲል እሱን ይከፋዋል፣ ለምን እንደከፋው ራሱም በደንብ አያውቀውም። የገና ድራማ አዘጋጅ ይሉታል፣ የሚሰማው የለም። ከዛ ዛፍ ግዛ ብለው ሲልኩት የሚያብረቀርቁትን የአሉሚኒየም ዛፎች (ያኔ ፋሽን ነበሩ) ሁሉ አልፎ አንዲት ቅጠሏ የሚረግፍ ቀጫጫ ዛፍ ይዞ ከች ይላል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ታሪኩ ይሄው ነው፣ ሌላ ጉድ የለውም።

የሚገርመኝ ግን ዛሬ የምንወድላት ነገር ሁሉ ያኔ እንደ ጉድለት የታየው መሆኑ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰንና ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ በስድስት ወር ገደማ ተጣድፈው ጨርሰው ለአሜሪካው ቲቪ ጣቢያ ለሲቢኤስ ኃላፊዎች ሲያሳዩ ሰዎቹ አልወደዷትም፣ ቀርፋፋ ናት፣ ለልጆች ካርቱን ጃዝ ምን ይሰራል ምናምን። ሹልዝ ደግሞ ያን በየኮሜዲው ከኋላ የሚለቀቀውን የተቀዳ ሳቅ አላስገባም ብሎ ድርቅ አለ። ፕሮግራሙ ስለተያዘላት ብቻ ታህሳስ 9 ማታ በቴሌቪዥን ወጣች (በፈረንጆቹ ነው)፣ በዛ ሰዓት ቲቪ ከከፈተው ሰው ግማሽ የሚጠጋው እሷን አየ፣ ኋላም ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመች።

ድምፁን የሰሩት እውነተኛ ልጆች ናቸው፣ የቻርሊ ብራውን ታናሽ እህት የሳሊን ድምፅ የሰራችው ህፃን ገና ማንበብ ስለማትችል ንግግሩን እየቆራረጡ እየነገሯት ነው የተቀረጸችው፣ ስትሰሙትም ያስታውቃል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደመቆም ይላል፣ እኔ ግን ያን መቆራረጥ ነው የምወደው ምክንያቱም ልጅ እንደዛ ነው የሚያወራው። የጃዝ ተጫዋቹ የቪንስ ጓራልዲ ፒያኖም ቢሆን ደስታና ትካዜ አንድ ላይ ነው ያለው፣ ልጆች ሲደንሱበት ደስ ይላል፣ ያው ሰውዬ መጀመሪያ ላይ በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱት ልጆች ሲጫወት ደግሞ ሆድ ያባባል።

ከሁሉም ከሁሉም ግን የጓደኛው የላይነስ ነገር። ብርድ ልብሱን ለሰከንድ የማይለቀው ልጅ መድረክ መሀል ቆሞ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን በቃሉ ይላል፣ መልአኩ እረኞቹን አትፍሩ የሚለው ጋ ሲደርስ ብርድ ልብሷ ከእጁ ትወድቃለች። ማንም ምንም አይልም፣ ካሜራውም አይጠጋም። ስንት ዓመት ሳይ ይቺን ነገር ልብ አላልኳትም ነበር፣ ልጄ ናት ያሳየችኝ። በኛ መጽሐፍ ቅዱስ "አትፍሩ" የምትመጣው አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ በአማርኛ ቢተረጎም ብርድ ልብሷ ትንሽ ዘግይታ መውደቅ ሊኖርባት ነው፣ ይሄን አስቤ ብቻዬን ስቄያለሁ።

እንከን የላትም እያልኩ አይደለም። ገና ንግድ ሆነ እያለች ታማርራለች፣ የተሰራችው ግን በኮካ ኮላ ስፖንሰርነት ነው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ያቺን ዛፍ የሚያሳምሯት ከየት ባመጡት ጌጥ ይመስላችኋል? ቻርሊ ብራውንን ያናደደው ቤት በመብራት የማስጌጥ ውድድር ላይ አንደኛ ከወጣው ከውሻው ከስኑፒ ቤት ገፈው! ውሻው የሸለመበት መብራት ነው ዛፏን ያዳናት። ሹልዝ አስቦበት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔን ግን ከስብከት ያዳናት ይሄ ይመስለኛል፣ ንጹህ እጅ ያለው ማንም የለማ፣ ሲስቁበት የነበሩት ልጆች ራሳቸው ናቸው መጥተው ያስጌጡለት።

አንድ ያናደደኝ ነገር በ2020 አፕል ለራሱ የኢንተርኔት ቲቪ መብቱን ወስዶ በነፃ ቲቪ እንደድሮው በየዓመቱ ሁሉም ቤት ባንድ ማታ የሚታይበት ነገር መቅረቱ ነው፣ ፈልጎ ለሚያያት ሰው ግን አለች። ለማንኛውም የሚቀጥለው ዓመት ዝርዝራችሁ ላይ አስገቧት፣ ቦታ ከጠበባችሁ ካሁኑ ዝርዝር ሦስተኛዋን አውጧት፣ እሷን ልጆቼ ግማሽ ላይ ጥለዋት ተነስተዋል።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ