ክሎድ ሬይንስም ይወሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቀድሞው ሆሊዉድ ሲጻፍ የሚወሱት መሪ ተዋንያኑ ብቻ ናቸው። ለንደን ተወልዶ ያደገው፣ ዝነኛውን የእንግሊዝ ተዋናይ ጆን ጊልጉድን ትወና ያስተማረው ተዋናዩ ክሎድ ሬይንስ ግን ስሙ ሲነሳ አናይም፤ ይህ ያሳዝነናል።

እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው «የማይታየው ሰው» ፊልም ፊቱ በግልጽ የሚታየው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በፋሻና በጥቁር መነጽር ስለተሸፈነ ቁጣውንም እብደቱንም የተሸከመው ድምፁ ነው። ልብስ ብቻውን ሲንቀሳቀስ የሚታይባቸው ትዕይንቶች የተቀረጹት ሰውነትን በጥቁር ከፋይ ሸፍኖ፣ በጥቁር ከፋይ መጋረጃ ፊት በማቆም ነበር፤ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ሲዋሃድ ልብሱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ምስሉ ከክፍሉ ምስል ጋር ይጣመራል።

በ1946ቱ «ኖቶሪየስ» ፊልም ደግሞ ሚስቱን ሆና ከምትተውነው ከኢንግሪድ በርግማን አጠር ስለሚል መቆሚያው ከፍ ተደርጎለታል። እንዲያም ሆኖ፣ ከዋናው ተዋናይ ይልቅ የምናዝነው ለእሱ፣ ለክፉው ባል ነው! በቁመት የማይገኝ ችሎታ ይህ ነው።

በ«ካዛብላንካ» የካፒቴን ሬኖ ሚናው ጭምር፣ በረዳት ተዋናይነት 4 ጊዜ ለኦስካር ታጭቷል፤ አንዴም አላሸነፈም። ስለዚህ የአሸናፊዎችን ዝርዝር ብቻ ይዞ የሚጽፍ ሰው ሬይንስን አያገኘውም። በሚቀጥለው የፊልም አምዳችሁ ቦታ ስጡት።

አክባሪ አንባቢዎቻችሁ