ጥበቡ ከታች አይቆረጥም፤ ስትለኩ ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጥር ሠርግ ሲቃረብ ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ ስለ በሬ ዋጋና ስለ መኪና አጀብ ብዙ ይጻፋል። ልብስ ከተነሣ ግን ወሬው ሁሉ ቀለም ነው፤ «ዘንድሮ የትኛው ጥበብ ነው የወጣው?» ይባላል። በሱሉልታ ልብስ የምንሰፋ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ መሆን አለበት ብለን ስለምናምን ነው። የበጋ የክት ልብስ የሚታቀደው ከሰዓቱ፣ ከቦታውና ከጫማው ተነሥቶ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ቀሚስ በሠርጉ ዕለት መሬት እየጠረገ፣ ወይ አጥሮ፣ ወይ ውስጡን እያሳየ ይውላል።

በጋ እዚህ አገር ሙቀት ብቻ ማለት አይደለም። በጥር አዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ 24 ዲግሪ ገደማ ደርሳ ሌሊቱን ወደ 8 ዲግሪ ትወርዳለች። ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትቀዘቅዛለች፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ የሚታይበት ቀን አለ። ተክሊሉ ሌሊት፣ ምሳው ድንኳን ውስጥ፣ ጭፈራው ማታ የሆነ ሠርግ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት አየር ያሳልፋል። ለዚህ ወፍራም ቀሚስ ማሰፋት አይበጅም። ቀሚሱ ስስ፣ ገበሩ ጥጥ፣ ከላይ የሚደረበው ካባ ወይም ኩታ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። የድንኳን ሸራ በቀትር ሙቀት ያፍናል፤ ፖሊስተር ገበር ላብ ስለማይመጥ ከገላ ላይ ይጣበቅና ቀሚሱ ሲቀመጡ ይሰበሰባል። በገላንና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱ ያስቸግራል። እዚያ ሽፎን ለብሶ ከመቸገር የሽመና ቀሚስ ይሻላል፤ የታችኛው ጥበብ ክብደት ራሱ ጠርዙን ወደ መሬት ይይዘዋል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት የሥራ መርሐ ግብራችንም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን የገናና የጥምቀት ሥራ ይደራረባል፤ ጥምቀት እንዳለፈም ሠርጉ ይከተላል። ለጥር መጨረሻ ሠርግ ሸማኔውን ጥቅምት ላይ አነጋግሩ፤ ጥበቡ ሰፊ ከሆነ ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይፈልጋል። ጨርቁ ኅዳር አጋማሽ ላይ እጃችሁ ከገባ ለማጠቢያ፣ ለስፌትና ሁለት ጊዜ ልክ ለማየት በቂ ቀን ይኖራል። በጥር መጀመሪያ የሚመጣ ደንበኛ የሚያጣው ሁለተኛውን ልክ ማየት ነው፤ ስሕተቱ የሚያዘውም እዚያ ላይ ነበር።

ጨርቅ ስትገዙ ስሙን ሰምታችሁ አትመኑ። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ ነው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የጥበቡን ክር ለብቻው ፈትኑ፤ መደቡ ጥጥ ሆኖ ጥበቡ ሌላ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ሁለቱ በውኃና በካውያ እኩል ስለማይሰበሰቡ ግን ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ኋላ ጠርዙ ላይ ይጨማደዳል።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ማጠብ የግድ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን እዩ፦ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥበቡ ላይ አድርጉና በሞቀ ካውያ ጫኑት። ቀይና ጥቁር ክር በተለይ ይለቃል። ነጩ ጨርቅ ከተበከለ ቀሚሱ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ መደቡን ብቻ በእርጥብ ጨርቅና በካውያ እንፋሎት ሰብስቡት። ካልለቀቀ ደግሞ ከላይኛው ጫፍ፣ ጥበቡ ከሌለበት በኩል፣ 50 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ በክር ምልክት አድርጉ፤ ያን ጥግ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ተኩሱትና እንደገና ለኩ። 47 ከሆነ ከመቶ 6 እጅ ተሰብስቧል ማለት ነው። በዚህ ልክ ሳይታጠብ 140 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። የክት ቀሚስ ለሁለተኛ ሠርግ አልሆን የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቲቱ ወፍራ አይደለም።

ወደ ጫማው እንምጣ። ጥበቡ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ ቀሚሱ ቢረዝም ከታች ቆርጦ ማጠፍ ጥበቡን መጣል ይሆናል። ማሳጠር የሚቻለው ከወገብ ነው፤ እሱም ወገቡን ፈትቶ፣ ዚፑን አውጥቶ እንደገና መስፋት ስለሆነ እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠራል። በባዶ እግር የተለካ ቀሚስ በ6 ሳንቲ ሜትር ተረከዝ ሲለበስ 6 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ተረከዝ ባለው ጫማ ተለክቶ በነጠላ ጫማ ሲለበስ ያንኑ ያህል መሬት ይጠርጋል። እባካችሁ ጫማውን አስቀድማችሁ ግዙ፣ ለልክም ያንኑ ተጫምታችሁ ቁሙ። ሠርጉ አዳራሽ ከሆነ ጠርዙ ከመሬት 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሣር ወይም ጠጠር ላይ ከሆነ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሜዳ ላይ ሹል ተረከዝ ይሰጥማል፣ ኮብልስቶን ላይም መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተረከዝ ምረጡ፤ ከሠርጉ በፊትም ቤት ውስጥ ሦስት አራት ምሽት ተራመዱበት።

ሌላው በየዓመቱ የሚያከራክረን የስልክ ፎቶ ነው። ታቹ እንደ ጃንጥላ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቀሚስ ይታይና «እንዲህ ይሁንልኝ» ይባላል። የተሸመነ ጥበብ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ በክብ አይቆረጥም። ቀሚሱ የሚሰፋው ወገቡ ላይ በመሸንሸን ነው። የጨርቁ ወርድ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ወርድ 180 ይሆናል፤ ይህን ለ76 ሳንቲ ሜትር ወገብ መሸንሸን ከእጥፍ ትንሽ ያልፋል፣ በቂም ነው። ፈትሉ ወፍራም ሆኖ ሦስተኛ ወርድ ከተጨመረ ሽንሽኑ ተነፍቶ ወገብን ያጠፋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከወገብ እስከ መሬት 105 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ለታች 210፣ ለደረትና ለጀርባ 90፣ ለእጅጌ 60፣ ለስፌት 20፤ በድምሩ 380 ሳንቲ ሜትር። ከላይ ያየነው ከመቶ 6 እጅ መሰብሰቢያ ሲታከል 4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ነጠላው ከዚህ ውጭ ነው።

የገበሩ ቀለም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ቀለሙ ወደ ክሬም ያደላል፤ ከሥሩ ድፍን ነጭ ገበር ከገባ ፈትሉ ያደፈ ይመስላል። ገበሩ ክሬም ይሁን፤ የውስጥ ልብሱም የገላን ቀለም የመሰለ እንጂ ነጭ አይሁን። ልክ ስታዩ ደግሞ ብርሃን ከኋላችሁ አድርጋችሁ በር ላይ ቁሙ፤ በቤት ጥላ ያልታየው የቀትር ፀሐይ ላይ ይታያል።

የሽመና ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ ስፌቱ ሰው ቁጭ ሲል ይተረተራል። ለስፌት የሚተወው ከ1 ይልቅ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ደረትና ዳሌ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር መላወሻ ይተው፤ ዚፑ የሚገባበት ቦታ ከውስጥ ማጠንከሪያ ጨርቅ ይለጠፍበት። ልክ ስታዩ ቁማችሁ መስታወት ማየት አይበቃም፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለት እጃችሁን አንሡ፣ እስክስታም ሞክሩ። ትከሻው የሚይዝ ከሆነ ያኔውኑ ተናገሩ።

ለወንዶች ነገሩ ያጥራል። ሱፍ ስትገዙ አዲስም ይሁን ልባሽ ትከሻውን እዩ፤ ትከሻ አይጠገንም። የእጅጌ ርዝመትና የሱሪ ወገብ ይስተካከላሉ፤ ወገቡ የሚሰፋው ግን ከውስጥ የተተወ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፤ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ለበጋ ጀርባው ግማሽ ገበር ያለው ኮት ይመረጣል።

ነጠላ ለማጣፋት የቸገራችሁ ወጣቶች እናቶቻችሁን ጠይቁ። ጥለቱ ወደ አንገት ዞሮ ከተለበሰ የሐዘን ነው፤ ፎቶ ላይ ይህን ያየ ትልቅ ሰው ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም።

ድግስ ላይ ወጥ መንካቱ አይቀርም። የዶሮ ወጥ ጠብታ ሲያርፍ አትሹት፣ ሙቅ ውኃም አታስነኩት፤ ቅባቱ ወደ ክሩ ይሰርጋል። ደረቅ ዱቄት ነስንሳችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ አራግፉት፣ ቤት ስትገቡ በቀዝቃዛ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ አትደንግጡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የእርድን ቀለም ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንለምነው ይህ ደብዳቤ ጥቅምት ሳያልቅ እንዲወጣልን ነው፤ ጥር ላይ ቢወጣ ጨርቁ ተቆርጦ ያለቀበት ጊዜ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊዎች፣ ከሱሉልታ